መኪናው ራሱ ሲነዳ ቢገጭ፣ ተጠያቂው ማን ነው?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ደላላ ለገዢ የሚለውን ቆሜ ሰማሁ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ራሷ ናት የምትነዳው። እርስዎ ቁጭ ብለው ቡናዎን ይጠጣሉ።» ገዢው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪኑን አዩት። ጽሑፉ በሙሉ ቻይንኛ ነው። «እሺ ልጄ፣ ራሷ ነድታ ሰው ብትገጭስ? የሚታሰረው ማነው?» ደላላው ሳቀ። «ኧረ እሷ አትገጭም ጋሼ!»

ጋሼ የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ደላላው ስላልመለሰላቸው እኔ ልሞክር።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ዛሬ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ለሽያጭ በሚቀርቡት «ራሳቸውን የሚነዱ» መኪኖች አደጋ ቢደርስ፣ በወንጀል መጀመሪያ የሚጠየቀው መሪው ጋ የተቀመጠው ሰው ነው። ካሳ ላይ ደግሞ ባለቤቱም አለበት። «እኔ አልነበርኩም የምነዳው፣ እሷ ናት» የሚለው መከላከያ ብዙም አያራምድም። ለምን እንደማያራምድ ለመረዳት ግን መኪናው ምን እንደሚሠራ፣ ሹፌሩ ከመኪናው ላይ እንዴት መልሶ እንደሚረከብ፣ ሕጉም ይህን ርክክብ እንዴት እንደሚያየው ማየት ያስፈልጋል። ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለውን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። በእኔ እምነት ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ? መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና በየሰፈሩ በዛ። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ሰው የገዛው ነዳጅ ሰልፍ ሰልችቶት ነው። ካሜራው፣ ራዳሩና መሪውን የሚይዘው ሶፍትዌር ግን አብረው መጡ። ማንም አልጠየቃቸውም።

አሁን ወደ ደረጃዎቹ እንሂድ። ኤስ.ኤ.ኢ. የሚባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ምደባ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ አምራቾችም ሕግ አውጪዎችም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ከ0 እስከ 5 ይቆጥራል። ደረጃ 0 ላይ ሁሉን የሚሠራው ሰው ነው። ደረጃ 1 ላይ መኪናው ወይ ፍጥነቱን ወይ መሪውን ያግዛል። ደረጃ 2 ላይ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ከፊት ካለው መኪና ርቀት ይጠብቃል፣ በመስመሩ መሃልም ይሄዳል። ደረጃ 4 አሜሪካ ውስጥ እነ ፊኒክስና ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያለ ሹፌር ተሳፋሪ የሚያመላልሱት የዌይሞ መኪኖች ናቸው። ደረጃ 5፣ ማለትም የትም ቦታ በማንኛውም ሁኔታ ራሱን የሚነዳ መኪና፣ እስካሁን የለም።

ደረጃ 3ን የዘለልኩት ሆን ብዬ ነው። የሕጉ ወሰን ያለው እዚያ ነው። ደላላው «ራሷ ናት የምትነዳው» የሚላት ዓይነት መኪና ያለችው ደረጃ 2 ላይ ነው። እዚያ መኪናው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሹፌሩ እናንተ ናችሁ። ከለማጅ ጎን እንደተቀመጠ አሰልጣኝ ናችሁ፤ መሪው በለማጁ እጅ ቢሆንም ዓይናችሁ መንገዱ ላይ፣ እግራችሁ ፍሬኑ አጠገብ መሆን አለበት። ደረጃ 3 ላይ ግን በተወሰነ መንገድና በተወሰነ ፍጥነት ሹፌሩ መኪናው ነው። እናንተ ዓይናችሁን ከመንገዱ ማንሳት ትችላላችሁ። «ተረከበኝ» ሲላችሁ ግን መረከብ አለባችሁ።

ደረጃ 3 ላይ የደረሱት ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሆንዳ ጃፓን ውስጥ 100 መኪኖችን በኪራይ አወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መርሴዲስ ጀርመን ውስጥ ፈቃድ አገኘ፤ በአውራ ጎዳና ላይ፣ መጨናነቅ ሲኖር፣ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ብቻ። እንግዲህ መርሴዲስን የሚያህል ኩባንያ፣ ጀርመንን በሚያህል መንገድ ላይ፣ «አሁን ሹፌሩ እኔ ነኝ» ለማለት መጀመሪያ የደፈረው በዚህ ፍጥነት ነው። ደላላው ደግሞ ጋሼን ቡና ይጠጡ ይላቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። የሲስተሙን ቁጥጥር መልሶ መያዝ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። በፍሬን፣ በመሪና በነዳጅ መስጫው መያዝ ሦስት የተለያዩ ውጤቶች አሏቸው። (በኤሌክትሪክ መኪናም ሰው «ነዳጅ መስጫ» ነው የሚለው፤ እኔም እንደ ሰው።)

የቱሉ ዲምቱን የክፍያ ጣቢያ አልፋችሁ የአዳማን ፈጣን መንገድ ያዛችሁ እንበል። መንገዱ ግራና ቀኝ ታጥሯል፣ የመስመሩ ቀለም ጥርት ያለ ነው። መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ የመሪ ምልክት በአረንጓዴ ትበራለች። መኪናው መሃሉን ይዞ ይሄዳል። እውነት ለመናገር ደስ ይላል። ሲስተሙ የተሠራው ለእንደዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

ፍሬን ከያዛችሁ ነገሩ ያልቃል። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ፍሬን ማለት ለሲስተሙ «ተው፣ እኔ ይዣለሁ» ማለት ነው። ቁልፉን እንደገና እስክትጫኑ ድረስ አይመለስም።

መሪውን ስታጣምሙ ግን እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። ሲስተሙ ሊታገላችሁ አይገባም። የተባበሩት መንግሥታት የመሪ ደንብ ለዚህ ዓይነቱ ሲስተም ሹፌሩ በ50 ኒውተን ባልበለጠ ኃይል ማሸነፍ መቻል አለበት ይላል፤ 5 ኪሎ ገደማ ክብደት ለማንሳት የሚበቃ ኃይል ነው። ያ ጥሩ ነው። ነገር ግን በብዙ መኪኖች መሪውን ስትነጥቁት የሚቆመው የመሪው እገዛ ብቻ ነው። ፍጥነቱ እንደተያዘ ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶም መስመሩን ሲያይ መሪውን መልሶ ይይዛል። ከእንቅልፉ የባነነ ሹፌር ይህን ካላወቀ ሙሉ በሙሉ የተረከበ ይመስለዋል። የተረከበው ግን ግማሹን ነው።

ዋናው ወጥመድ ነዳጅ መስጫው ነው። እሱን መርገጥ ሲስተሙን አያጠፋውም። «ሹፌሩ አውቆ ነው፣ ልተውለት» ብሎ ፍሬኑን ይተዋል፤ እግራችሁን ስታነሱ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከፊት መኪና ቢቆምም፣ እግራችሁ ነዳጅ መስጫው ላይ እስካለ ድረስ ርቀት ጠባቂው ፍሬን ላይይዝ ይችላል። በብዙ መኪኖች ላይ በኃይል ከተረገጠ የአደጋ ጊዜ ፍሬኑም ዝም ይላል። ስክሪኑ ላይ ግን ሲስተሙ እንደበራ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ፍሎሪዳ፣ ኪ ላርጎ በሚባል ቦታ አንድ የቴስላ ሹፌር ኦቶፓይለት የሚባለውን የመኪናውን የእገዛ ሲስተም አብርቶ እየሄደ ስልኩ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ አለ። እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ ነበር። መኪናው የማቆሚያ ምልክቱን አልፎ መንገድ ዳር የቆመ መኪና መታ። አጠገቡ ቆማ የነበረች የ22 ዓመት ወጣት ሞተች፣ ጓደኛዋ ክፉኛ ተጎዳ። ኩባንያው «ሹፌሩ ነዳጅ በመስጠቱ ሲስተሙን ራሱ ሽሮታል፣ ጥፋቱ የሱ ነው» ብሎ ተከራከረ። የተጎጂዎቹ ጠበቆች ደግሞ «ይህ ሲስተም ለፈጣን መንገድ የተሠራ ነው፤ ታዲያ በዚያ መንገድ ላይ እንዲበራ ለምን ፈቀዳችሁ? ሰዉስ ከአቅሙ በላይ እንዲያምነው ለምን አደረጋችሁ?» አሉ።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የማያሚ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ጥፋቱን ከፋፈሉት። ሹፌሩ 67 በመቶ፣ ቴስላ 33 በመቶ። ቴስላ የቅጣት ካሳውን ጨምሮ ወደ 243 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ኩባንያው ይግባኝ እንደሚል አስታወቀ። እኔን የገረመኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ሹፌሩ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ እያለ፣ ዓይኑ ወለሉ ላይ እያለ፣ ጥፋቱን አምኖ እያለ፣ ዳኞቹ አምራቹንም አለመልቀቃቸው ነው። መረከብ መቻል ብቻውን ኃላፊነቱን በሙሉ ወደ ሹፌሩ አያዞረውም ማለት ነው።

አሁን ጊዜን እናስላ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በ1 ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2025 ማታ ቻይና ውስጥ፣ አንሁዪ ግዛት፣ አንድ የሺያኦሚ መኪና በእገዛ ሲስተም በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነበር። ፊት ለፊት መንገዱ ለጥገና ተዘግቷል። ኩባንያው ራሱ ባወጣው መረጃ መሠረት ሲስተሙ እንቅፋቱን አይቶ አስጠነቀቀ፣ ፍጥነት መቀነስም ጀመረ። ሹፌሯ ተረከበች። ከማስጠንቀቂያው እስከ ግጭቱ የነበረው ጊዜ ግን ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ብቻ ነው። መኪናው በ97 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት የኮንክሪት አጥር መታ። ሦስት ወጣት ሴቶች ሞቱ።

በሕግ ቋንቋ ሹፌሯ ተረክባለች። መዝገቡም እንደዚያ ይላል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ግን መንገዱን ማየት፣ መረዳት፣ መወሰን፣ መሪውን ማዞር አለባት። ከሳምንታት በኋላ የቻይና መንግሥት አምራቾችን ሰብስቦ በማስታወቂያቸው ላይ «ራሱን የሚነዳ» ዓይነት ቃላት እንዳይጠቀሙ አዘዘ። የኛ ደላላ ይህን ትእዛዝ አልሰማም።

በደረጃ 3 ላይ ይህ ተስተካክሏል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 157 መኪናው «ተረከበኝ» ካለ በኋላ ለሹፌሩ ቢያንስ 10 ሰከንድ እንዲሰጥ ያዛል። ሹፌሩ ካልመለሰ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ቀንሶ ይቆማል። መቼ እንደበራ፣ መቼ እንደጠፋ፣ ሹፌሩ መቼ እንደነጠቀም ይመዘግባል። ደረጃ 2 ላይ ይህ ግዴታ የለም። ሲስተሙ ሲያቅተው መሪውን ሊለቅ ይችላል፤ በእሱ ቤት ዓይናችሁ መንገዱ ላይ ነዋ።

ከፈጣኑ መንገድ ወጥታችሁ ወደ ኮዬ ፈጬ ወይም ወደ ገላን ስትታጠፉ ይህ ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። የመስመሩ ቀለም ይጠፋል። አቧራው ካሜራውን ይሸፍነዋል። ባጃጅ ከቀኝ ይቆርጣል፣ ጋሪ ፊት ለፊት ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ መብራት የሌለው ሲኖትራክ ጥግ ላይ ቆሟል። አረንጓዴዋ የመሪ ምልክት ግራጫ ትሆናለች፣ በአንዳንድ መኪና ላይ ከደካማ ድምፅ ጋር። ሲስተሙ መሪውን ቢለቅም ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን አይለቅም። የአምራቾቹ መመሪያ መጽሐፎችም የቆመ ነገርን፣ እንስሳንና ለየት ያለ ቅርጽ ያለውን ተሽከርካሪ ሲስተሙ ላያውቅ እንደሚችል ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። የአህያ ጋሪ ሦስቱንም ሊያሟላ ይችላል። መመሪያው ቻይንኛ ከሆነ ግን ማን ያነበዋል?

ስለ እንስሳ ካነሳን አይቀር። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አንቀጽ 8 «ማንኛውም አሽከርካሪ በማንኛውም ጊዜ ተሽከርካሪውን መቆጣጠር ወይም እንስሳቱን መምራት መቻል አለበት» የሚል መንፈስ አለው። ባለ ጋሪውና ባለ ቴስላው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ናቸው። ይህ አንቀጽ ለብዙ ዓመታት ራስ ነጂ መኪና ላይ ጥያቄ ሲያስነሳ ቆየ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ማሻሻያ ታከለበት፤ ሹፌሩ ሊሽረው ወይም ሊያጠፋው እስከቻለ ድረስ ሲስተሙ ከስምምነቱ ጋር አይጋጭም ተባለ። ነገሩን ልብ በሉ። መኪናውን ሕጋዊ ያደረገው የሹፌሩ የመንጠቅ ችሎታ ነው። ሹፌሩን ተጠያቂ የሚያደርገውም እሱው ነው።

የመንጠቅ ችሎታ በወረቀት ላይ መኖሩና በተግባር መኖሩ ምን ያህል እንደሚለያይ ከማንም በላይ እኛ ማወቅ አለብን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰዎች አለቁ። አንድ ዳሳሽ የተሳሳተ መረጃ ላከ። ኤምካስ የሚባለው ሲስተም በዚያ ተመርቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። አብራሪዎቹ የሚጠፋበትን ማብሪያ ማጥፊያ ያውቁ ነበር፤ በመጀመሪያው ሪፖርት መሠረት አጥፍተውታልም። ከዚያ በኋላ ግን አፍንጫውን ቀና ለማድረግ በእጅ የሚዞረው ጎማ ከፍጥነቱ የተነሳ አልዞር አላቸው። በወቅቱ አሜሪካ ውስጥ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ ነበሩ። «ሥነ ሥርዓቱ ነበር፣ ለምን አልተከተሉም?» እያሉ። ሥነ ሥርዓቱ ነበር። ጊዜውና ጉልበቱ ግን አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ሰው መረከብ ይችል ነበር ለማለት በእኔ እምነት ሲስተሙ በዚያ ሰዓት መብራቱን ወይም መጥፋቱን ማወቅ አለበት፣ የሚያስብበት ጊዜ ማግኘት አለበት፣ የነካው ነገር ደግሞ የጠበቀውን ሥራ መሥራት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ጥፋቱን በሙሉ ሹፌሩ ላይ መጣል ለአምራቹ ነጻ ስጦታ ነው።

በእርግጥ ሹፌሩም የሚያጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ውጭ አገር ብርቱካን መሪው ላይ ሰክተው እጃቸውን ያሳረፉ ሰዎች ታይተዋል፤ መኪናው እጅ የያዘው ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ቴስላ አሜሪካ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ሶፍትዌር እንዲያስተካክል የተገደደው፣ ሹፌሩ ነቅቶ መከታተሉን የሚያረጋግጥበት መንገድ በቂ ስላልነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አሪዞና ውስጥ የኡበር የሙከራ መኪና መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ለደህንነት የተቀመጠችው ሹፌር ዓይኗ ስልክ ላይ ነበር። ጥፋቷን አምና ከእስር ቤት ውጪ የ3 ዓመት የክትትል ቅጣት (ፕሮቤሽን) ተፈረደባት። ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የአደጋ ጊዜ ፍሬን ግን በሙከራው ወቅት እንዳይሠራ ያደረገው ኩባንያው ነበር። ይህ ለኔ አይዋጥልኝም።

ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲተረጉም ውጤቱን «ማወቅ እየቻለ ወይም እያለበት» ሳያስብ ያደረገውንም ይጨምራል። ማስጠንቀቂያው ስክሪኑ ላይ ወጥቶ በቻይንኛ ቢሆንስ? ማንበብ የማትችሉትን መኪና ይዛችሁ መንገድ መውጣታችሁ ራሱ በእናንተ ላይ ሊቆጠር ይችላል። አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ንኡስ አንቀጽ 2 እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበትን ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ከአንድ ሰው በላይ ከሞተ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለ። ሕጉ «አሽከርካሪ» ይላል፣ ስለ ሶፍትዌር አያውቅም። ስለዚህ ለጋሼ ጥያቄ መልሱ «እርስዎ» ነው።

ካሳው ላይ ሕጉ ከዚህም ይጠብቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆንም። መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። የተጎጂው የራሱ ጥፋት ካለም በአንቀጽ 2086 ይታያል። ሕጉ መሪውን የያዘው ሰው ይሁን ሶፍትዌር አይጠይቅም። ከስልሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ሕግ ለራስ ነጂ መኪና እንዲህ ልክ መሆኑ ይገርማል። ለተጎጂው ጥሩ ነው፤ የሶፍትዌር ክርክር ሳይጠብቅ የሚከሰው ሰው አለው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረትም ያለ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መንገድ መውጣት አይቻልም።

ሁለት መኪኖች ሲጋጩ አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይገምታል፤ ጉዳቱንም እኩል ይካፈላሉ። ግምቱ የሚፈርሰው አንደኛው ሹፌር ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት ማጥፋቱ ሲረጋገጥ ነው። መኪናችሁ መስመር ስቶ ሚኒባስ ቢመታ፣ «ሲስተሙ ነው» ማለት ለባለ ሚኒባሱ ትርፍ ነው። መሪውን ሳትቆጣጠሩ እንደነበር እናንተው ነገራችሁት።

አምራቹስ? አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታይ የሚችል ከነበረ ግን ኃላፊነት የለም። የሶፍትዌር ስህተት ኮፈን ከፍቶ አይታይም። ስለዚህ በመርህ ደረጃ በሩ ክፍት ነው። በተግባር ግን አምራቹ ሼንዘን ወይም ሻንጋይ ነው ያለው። መኪናውን ያስገባው ነጋዴ ደግሞ «እኔ አልሠራሁትም» ይላል። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በራሱ የመኪና ማቆሚያ ሲስተም ለሚደርስ ጉዳት እከፍላለሁ ብሎ ነበር፤ ቃሉ ግን ቻይና ውስጥ ላሉ ደንበኞች ነው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የጎረቤት ፓራውልት ለገጨ አይሠራም።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ አንድ ባለ መኪና ምን ያድርግ? ሲስተሙን መጠቀም ክፉ ነው አልልም። የደከመ ሹፌርን ያግዛል፤ የአደጋ ጊዜ ፍሬኑ ደግሞ በፍጹም መጥፋት የለበትም። ግን ከመጠቀማችሁ በፊት ባዶ መንገድ ላይ ሞክሩት። ፍሬን ስትይዙ ምን ይሆናል? መሪውን ስትነጥቁ ፍጥነቱ ይለቃል? ነዳጅ ስትሰጡ ምልክቷ ትጠፋለች ወይስ እንደበራች ናት? ፍሬቻ ሳታበሩ መስመር ስትቀይሩ መሪው ይታገላችኋል? የስክሪኑን ቋንቋ ማስቀየር የሚቻል ከሆነ አስቀይሩ። ካልተቻለ ቢያንስ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አስተርጉማችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ።

ቅጥር ሹፌር ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ያሳስባችኋል። ካሳው ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ነው የሚመጣባችሁ። ከቀለበት መንገድ ውጪ ወይም ከፈጣን መንገድ ውጪ ሲስተሙን እንዳያበራ ከፈለጋችሁ በቃል አትተውት፣ ውሉ ላይ ይግባ። ለራይድ የሚያከራይም እንዲሁ።

አደጋ ከደረሰም የተጎዳ ሰው ይቅደም። ከዚያ ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ሳያነሳ በፊት ዳሽቦርዱን በቪዲዮ ቅዱት። ምልክቷ በምን ቀለም እንደነበረች፣ ምን ማስጠንቀቂያ እንደወጣ፣ ፍጥነቱ ስንት ላይ እንደተያዘ ይታይ። የሶፍትዌሩን ቁጥር ጻፉ። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ሰከንዶች መዝግበው ይይዛሉ፤ ፍሬን ማን እንደያዘ፣ ነዳጅ መስጫው ተረግጦ እንደነበር። መኪናው ጋራዥ ከገባ «ሶፍትዌሩን ላድስልህ» የሚላችሁን ሰው፣ መዝገቡ ተነቦ እስኪወጣ ድረስ፣ አይሆንም በሉት።